አርባ አንደኞች

አዲስ አበባ፣ ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ሜዳሊያ ተሰቅሏል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሥሩን ኪሎ ሜትር ለጨረሰ ሁሉ ሜዳሊያ ይሰጣል፤ የእኔም ከዚያ የተገኘ ነው። የገባሁት አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነበር፤ ግን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ይህን ደስታ ለአገሬ ልጆች ላካፍል ተመኘሁ። ለገና ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ስሄድ ከመርካቶ አርባ ሜዳሊያ ገዛሁ። ማንም እንዳይከፋው ብዬ በሁሉም ላይ «1ኛ» የሚል ተለጣፊ አስደረግሁ። በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል እስክደርስ ካርቶኑን ከጭኔ አላወረድሁትም።

በበዓሉ ማግስት ልጆቹን ገብስ ከታጨደበት ማሳ ሰበሰብኋቸው። ከጽዱ ሥር ተነሥተው ወንዝ ዳር ደርሰው ይመለሳሉ። አንዲት ልጅ በባዶ እግሯ ሮጣ ሁሉንም ቀድማ ገባች። ከሁሉ ኋላ አንድ ብላቴና መጣ። ፈፋው ላይ ወድቆ ጉልበቱ ደምቷል፤ ቢሆንም እያነከሰ ጨረሰ። ለአርባዎቹም ሜዳሊያ አጠለቅሁላቸው።

ብላቴናው የተሰጠውን ገልብጦ አየው፤ አወለቀና «ጋሼ፣ እኔ አንደኛ አልወጣሁም» ብሎ መለሰልኝ። ቀድማ የገባችውም የራሷን ከጓደኞቿ ጋር ስታስተያይ አንድ ዓይነት ሆነባትና ፊቷ ጠቆረ። ማንም አይከፋው ያልሁት ሰውዬ ሁለቱንም አስከፋሁ።

ማታ እሳት ዳር ለአጎቴ ለመሪጌታ ነገርኋቸው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ዓመታት የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው እዚህ ነው። አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔም መጀመሪያ ስመጣ ሳላስመሰክር ተመልሻለሁ» አሉ። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «መምህሬ ግን መርቀው ሸኙኝ፤ በዓመቱ የተመለስሁትም ስለዚያ ነው። ልጄ፣ ምርቃት ለሁሉም ነው። ምስክር ግን ያየውን ይናገራል። አንተ ለልጁ በሐሰት መሰከርህለት።»

ሌሊቱን ጆን ስቴፈን አክዋሪን ሳስብ አደርሁ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ካሸነፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ይህ ታንዛኒያዊ ጉልበቱን በፋሻ እንደታሰረ እያነከሰ ከሁሉ ኋላ ገባ። ማሞን በድሉ፣ አክዋሪን በጽናቱ ዛሬም እናነሣቸዋለን። የአንዱ ክብር ከሌላው አልጎደለም፤ እያንዳንዳቸው የሠሩት ነውና። የግድግዳዬ ሜዳሊያም የሚያስደስተኝ ስለማይዋሸኝ ነው፤ «ጨረስህ» ይለኛል፣ ጨርሻለሁም።

ለልጅ ሁሉ ሜዳሊያ መስጠት ያቀማጥላል የሚሉ አሉ። እኔ አሁንም ይሰጥ እላለሁ። ልጅ ነገም ተመልሶ እንዲሮጥ፣ ዛሬ ሮጦ መግባቱን ያየለት ሰው ያስፈልገዋል። ብቻ ያየነውን እንመስክር።

ሲነጋ ልጆቹን መልሼ ጠራኋቸው። የልጅቱን «1ኛ» ተውሁላት፤ የቀሩትን ተለጣፊዎች በጥፍሬ ላጥሁ። ከደብተር ወረቀት እየቆረጥሁ «ጨረሰ»፣ «ጨረሰች» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍሁና ለጠፍሁ። የብላቴናው ላይ «ወድቆ ተነሣ፤ ጨረሰ» አልሁ። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ በገዛ እጁ አጠለቀው።