ቤት በአፍ እንዴት ይገዛል

ሳይት ስትሄድ ከተቆፈረው ጉድጓድ ይልቅ ሴልሱን ልጅ እየው። ሱፍ ከለበሰ፣ መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ካለውና «ጋሼ፣ ለእርስዎ ስለሆነ ነው» ካለህ ወኪልነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። የውክልና ወረቀት መጠየቅማ ነውር ነው፤ ልጁ ቅር ይለዋል።

«በ18 ወር ይረከባሉ፤ ፓርኪንጉ በነፃ፤ ጀነሬተር አለው» ሲልህ ውሉ ላይ ይግባልኝ እንዳትል። ውሉ ሲመጣ ፊርማ የሚያርፍበትን ገጽ ብቻ ፈልግ። «ሻጭ በዚህ ውል ላልሰፈረ ቃል ኃላፊ አይሆንም» የምትለዋ ደቃቃ አንቀጽ ለሌሎች ገዢዎች የተጻፈች ናት።

ቅድመ ክፍያውን በልጁ የግል አካውንት አስገባ። የድርጅቱ ሲስተም ቆሟል፣ ቅናሹም ዛሬ ማታ ያበቃል ብሏላ። ደረሰኝ ለምኔ፣ ስክሪንሹት እያለ! ደግሞ እኮ ይሄ ገዢ ቲማቲም ላይ ለ10 ብር ባለጉልቷን የሚያስለቅስ ነው። ጫማ ሲገዛ ግራና ቀኙን ለክቶ፣ ሚሊዮን ሲያስረክብ የተቀባዩን የአባት ስም አይጠይቅም! አንተ ሰው፣ ማኅተሙ የታል?

እሺ። ውልና ማስረጃ ሄደህም አትሰለፍ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ይመዝገብ የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሰው አይተማመንም ነበር።

ዋሽንግተን ከሆንክ ለአጎትህ ልጅ ውክልና ላክለት። በራሱ ስም ቢገዛውስ? ደም ነው።

ጉድጓዱ ሦስት ክረምት ውሃ ካቆረ በኋላ ጠበቃህን አጣድፈው። «የምጠይቀው ገንዘብ ልኩ የታወቀ ነው፤ በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ» በል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 284 ጎረቤት ነግሮሃል፤ ተከሳሽ ልከላከል ብሎ ፈቃድ ካላገኘ ፍርዱ ላንተ ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ግን ቃለ መሐላ አያይዞ አንዲት ነገር ይጠይቃል፦ «ብሩን የተቀበለው ሰው የኛ ወኪል መሆኑ በምን ታወቀ?» ለዚህች መልስ እንዳታዘጋጅ። ድርጅቱ በአድራጎቱ ወኪሌ ነው ብሎ አሳምኖህ ከሆነ አብሮ የሚጠየቅበት መንገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2195 ነበረልህ፤ ዓርማ ያለበትን ቢዝነስ ካርድ፣ ብሮሹሩን፣ ቢሮው ውስጥ የተነሣችሁትን ፎቶ ብታስቀምጥ። ካርዱን ሕፃን ቀደደው፤ ፎቶውን ስልኩ ሲሞላ አጠፋኸው። ጎበዝ።

ዳኛው ነገሩ ማስረጃ የሚሰማበት ክርክር መሆኑን አይተው ለተከሳሽ ይፈቅዳሉ። አጭሩ ሥነ ሥርዓት እዚያ ላይ አለቀ፤ መዝገብህ ወደ መደበኛው ቀጠሮ ይሄዳል። አንተ የልጁን የድምፅ መልእክት ከቴሌግራም ለማጫወት ፈቃድ ጠይቅ።

የወኪሉን ሙሉ ስም ሲጠይቁህ አትደንግጥ። ስልክህን አውጣና እንደመዘገብከው አንብብላቸው፦ «ቤት ሻጩ ልጅ 2»።