ከፓርት ቱ ወዲህ ያለው አይቆጠርም

አሜሪካኖቹ «ተርሚኔተር»ን በስድስት ክፍል ሠርተውታል። በከተማችን በአረርቲ ያለው ግን ሁለት ብቻ ነው። የቀሩትን አራቱን ሽረናቸዋል። ሆሊውድ ውሳኔያችን ሳይደርሰው ስንት ዘመን ገንዘቡን ሲረጭ ኖሯል፤ እኛም ልናሳውቀው አልሞከርንም። ድርሻችን ማሳወቅ ሳይሆን መጠበቅ ነው።

ጠባቂዎቹ ከመናኸሪያው ፈቀቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ወደ ማታ የምንሰየም፣ ዕድሜያችን ወደ ሃምሳው የተጠጋ ወይም ያለፈ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የእህል ሰዎች ነን፤ ቀን የሚንጃርን ማኛ ከሰርገኛ ስንለይ እንውላለን፣ ማታ ደግሞ እውነተኛውን የፊልም አፍቃሪ ከአስመሳዩ። ጤፍ ሲደባለቅ ቢያንስ በዓይን ይታያል። ሰው ግን ካልተፈተነ አይታወቅም።

ፈተናው «አንደኛውን አይተኸዋል?» ተብሎ አይጀመርም። ይህ የየዋህ ጥያቄ ነው፤ ማንም ተነስቶ «አዎ» ይላል። እኛ የምንጠይቀው «የት አየኸው?» ብለን ነው። በስልኩ ያየ አላየም። በፍላሽ አስጭኖ ያየ አላየም። በአማርኛ ትርጉም ያየማ ጭራሽ ባያነሳው ይሻለዋል። ማየት ማለት ቪዲዮ ቤት ገብቶ፣ መስኮቱ በጥቁር ሸራ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ከሰው ጉልበት መሀል ተወሽቆ፣ ካሴቱ ሲንጫጫ ዴኩ ተከፍቶ እስኪጠረግ ታግሶ፣ በመጨረሻም ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ፍጻሜውን ከጎረቤት ልጅ አፍ መስማት ነው።

እኛ ያየነው በኦርጂናሉ ነው። ምን እንደሚባባሉ አንድም ቃል አልገባንም፤ ግን ኦርጂናል ነበር። የዛሬ ልጅ ሰውየው ከወደፊት ዘመን የተላከ ማሽን መሆኑን፣ ሴትየዋን የሚያሳድዳትም ገና ያልተወለደ ልጇን ሊያስቀር መሆኑን በአማርኛ ተነግሮት በአንድ ጊዜ ይረዳል። እኛ እዚህ የደረስነው በዓመታት ክርክር ነው። ለረጅም ጊዜ ከመካከላችን ነገሩ የጥሎሽ ጠብ ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ማሽኑን የሚጫወተው አርኖልድ በፓርት ዋን የሚናገረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር መሆኑ ባያግዘን ኖሮ እስካሁንም አንግባባም ነበር። ታዲያ ያለ ድካም የገባው ልጅ ከእኛ እኩል ይቀመጥ?

ከፍተኛውን ማዕረግ የያዙት ግን «እኔ እንደወጣ ነው ያየሁት» የሚሉት ናቸው። በእነሱ ፊት ቀን መቁጠር ነውር ነው። ቢቆጠር ኖሮ የጄምስ ካሜሮን የመጀመሪያው «ተርሚኔተር» አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው ጥቅምት 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል፤ ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም ባሳየ በሦስተኛው ቀን። ሁለተኛው የወጣው ደግሞ ሰኔ 26 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሽግግሩ ጉባኤ ቻርተሩን ለማጽደቅ በተቀመጠበት ሳምንት። አንድ ታላቃችን ይህንንም እንደወጣ አይተውታል። ደርግ ከወደቀ በወሩ፣ ሀገሩ በሙሉ ጆሮውን ራዲዮ ላይ ለጥፎ ሳለ፣ እሳቸው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀውን፣ እስከዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ውድ የተባለውን ፊልም አረርቲ ተቀምጠው ያጣጥሙ ነበር። በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ መመላለስን ካሜሮን ፈጠረው የሚሉ ሰዎች እኚህን ሰው አያውቋቸውም።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ቪዲዮ ቤት የራሱ ሕግ ነበረው፦ አክተር አይሞትም። ራምቦ አልሞተም፣ ኮማንዶው አልሞተም። በዚህ ሕግ ተማምኖ ሳንቲሙን ከፍሎ የገባ ልጅ፣ አርኖልድ ከመብረቅ ውስጥ ራቁቱን ወጥቶ ሰው መፍጀት ሲጀምር ምን ይበል? አክተሩ ወንበዴ ሆነበት። ግማሹ ተመልካች ለአርኖልድ እንዳጨበጨበ ዘለቀ፤ ሴትየዋ ባመለጠች ቁጥር ይበሳጭ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ጡንቻ ብረት መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ሲጨፈለቅ «ገንዘባችን ይመለስ» ያሉ ነበሩ። በፓርት ቱ ደግሞ ያው ሰውዬ፣ ያው የቆዳ ጃኬት፣ ልጁን ሊጠብቅ መጣ። ከፈሳሽ ብረት የተሠራው ፖሊስ በሆስፒታሉ የብረት ፍርግርግ መሀል ሾልኮ ሲያልፍ፣ ገላው አልፎ ሽጉጡ ብቻ ብረቱ ላይ ሲቀርበት፣ የፊተኛው አግዳሚ ከነሰዎቹ ወደ ኋላ ተገለበጠ። አርኖልድ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ሲሰጥም፣ ጢም ያቀመቀሙ ጎረምሶች ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ይህን ያየ ሰው ቢኮራ አልፈርድበትም። አድናቆቴ የሚጀምረው ኩራቱን ይዞ ከዚያ ወዲህ በሠራው ሥራ ላይ ነው።

በቅርቡ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደ አግዳሚያችን ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ተርሚኔተር ቱ እኮ በጣም ቆንጆ ፊልም ነው» አለ። ትሁት ልጅ ነው፤ ቆሞ ነው ያናገረን። ታላቃችን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አርኖልድ መጀመሪያ ልብስ የወሰደው ከማን ነው?»

«መጠጥ ቤት ገብቶ… ከባለሞተሮቹ።»

«እሱ ፓርት ቱ ነው። በፓርት ዋንስ?»

ልጁ ዝም አለ።

«ከኮረብታው ላይ ከቆሙት ሦስት ዱርዬዎች ነው! አየህ? ሳታውቅ ነው የወደድከው።»

«እኔ እኮ ቆንጆ ነው ነው ያልኩት፣ ጋሼ» አለ ልጁ። ቆንጆ ነው ማለት ፈተናውን ካለፉ በኋላ የሚሰጥ መብት መሆኑን አስረድተን አሰናበትነው። ፊልሙን ከሚወዱ ሰዎች ቁጥር በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ አንድ ቀንሰናል።

ስለ ተሻሩት አራቱም ላስረዳ፤ ያለ ምክንያት የሻርናቸው እንዳይመስል። ሦስተኛውን፣ የ1995ቱን፣ የጠላነው የፍርዱን ቀን ስላራዘመ ነው። በሁለተኛው ላይ ማሽኖቹ ሦስት ቢሊዮን ሰው የሚፈጁበት ዕለት ተቆርጦ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 1989። ያን ዕለት ሚንጃር የጤፍ አረም ላይ ነበር፤ ማሽን አልመጣም። (ቢመጣ ኖሮ ኮምባይነር ነው ብለን በእልልታ እንቀበለው ነበር።) አራተኛውን፣ የ2001ዱን፣ የጠላነው አርኖልድ ስለሌለበት ነው፤ ሰውየው በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ስለነበር ፊቱን ብቻ በኮምፒውተር ለጠፉት። አምስተኛውን የጠላነው አርኖልድ ስላለበት ነው፤ አርጅቷልና። ስድስተኛው በ2012 ሲመጣ ሠሪዎቹ ጩኸታችንን የሰሙ መሰሉ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን እንዳልነበሩ ቆጠሩ፣ ካሜሮንን በፕሮዲውሰርነት መለሱ፣ ሴትየዋን የተጫወተችውን ሊንዳ ሃሚልተንንም አመጡልን። የለመንነውን ሁሉ ስላደረጉ ከሁሉም አብልጠን ጠላነው። የሴትየዋን ልጅ ጆን ኮነርን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መግደላቸው ምክንያት አላሳጣንም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አራቱንም ግን አይተናል፣ ደጋግመንም አይተናል። ሳያዩ መጥላት የአላዋቂ ሥራ ነው።

ሻይ የሚያፈሉልን እናት አንድ ማታ ጀበናውን እያጠቡ፣ «እኔ ከልጆቼ ጋር ያየሁት ሦስተኛውን ነው፤ ያቺ ሴት ሰውያችሁን አንስታ ስታፈርጠው አንጀቴ ራሰ!» አሉ። በአግዳሚው ላይ ማንም ማንንም አላየም። ጥቂት ቆይቶ ታላቃችን፣ «እትዬ፣ እስቲ ሻይ ይድገሙን» አሉና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። የፊልም አስተያየታቸውን ባንቀበልም ሻያቸውን ግን አላቋረጥንም፤ ይህ ስለ ቻይነታችን ይመዝገብልን።

በእርግጥ በዚህ ሙያ ገና ጀማሪዎች ነን። «ስታር ዋርስ» ስምንተኛ ክፍሉ በታኅሣሥ 2010 ሲወጣ ደስ ያላላቸው አፍቃሪዎቹ ፊልሙ ከታሪኩ ይሰረዝ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ፈረመ። ከተዋናዮቹ አንዷ ኬሊ ማሪ ትራን በዘሯና በመልኳ ስድብ ስለዘነበባት ኢንስታግራም ላይ የነበራትን ሁሉ አጥፍታ ወጣች። ክፉ ግዛትን ተባብረው ስለሚገረስሱ ሰዎች የሚተርክ ፊልም እየወደዱ ያደጉ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። ፍቅር እንዲህ ሲጠና ያስቀናል። እኛ እስካሁን ያባረርነው አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ከፊልም ወደ እውነተኛ ማሽን ስንመጣ፣ በ2010 ሰኔ ሶፊያ የተባለችው ሰው መሰል ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ኩባንያ ወጣቶች እጅ አለበት፤ አማርኛም እንድትናገር አድርገዋት ነበር። ስትመጣ የአካሏን ክፍሎች የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፋ። የእኛ ሀገር ልጆች ማሽንን አማርኛ እንዴት እንዳስተማሩ ልንጠይቅ ስንል፣ አንዱ አባላችን «ተርሚኔተር ራቁቱን የሚመጣው ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ሻንጣ የለው፣ አይጠፋበት!» አለ። ማታው በዚሁ አለቀ፤ ፓርት ዋን አሁንም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

የውጭ ፊልም ብቻ ነው የምትወዱት የሚሉን አሉ። ሐሰት ነው፤ የውጭውንም አብዛኛውን እንጠላለን። የራሳችንን ደግሞ ፈጽሞ አናውቀውም፤ ስለዚህ ልንጠላው አንችልም። በ2007፣ አምስተኛው «ተርሚኔተር» 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በልቶ በወጣበት ዓመት፣ «ክራምብስ» የተባለ በአማርኛ የሚነገር የሳይንስ ልቦለድ ፊልም በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ነው፤ የተወኑበት ግን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፣ ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱም ዳሎል ነው። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዓለም አልቋል፤ ሰማይ ላይ አንዲት መንኮራኩር ሥራ ፈትታ ተንጠልጥላለች፤ ሁለቱ ፍቅረኞች በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ ይኖራሉ። የተረፈው ሰው ከድሮው ዘመን የቀረ ተራ ዕቃ እንደ ታላቅ ቅርስ ተሸክሞ ዋጋ ያስገምታል፤ ሴትየዋ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። ሰላም ተስፋዬን በፍቅር ፊልሞቿ ከአግዳሚያችን ላይ የማያውቃት የለም። መንኮራኩር ሥር መቆሟን የሰማ ግን አልተገኘም፤ የዚያን የአምስተኛውን «ተርሚኔተር» ስህተቶች እየዘረዘርን ስለነበር ጊዜ አልነበረንም። ባለማየታችንም የጎደለብን የለም። ዓለም ካለቀ በኋላ የአሜሪካን ውዳቂ ታቅፈው የሚከራከሩ ኢትዮጵያውያንን በፊልም ማየት ለእኛ ምን ይጨምርልናል?

በነሐሴ 2016 የወጣውን «ተርሚኔተር ዚሮ»ን ካርቱን ስለሆነ ስብሰባ ሳንጠራ በአንድ ድምፅ ሽረነዋል። ካሜሮን ደግሞ ሌላ ክፍል እንደሚያስብ ሲናገር ተሰምቷል። ከመጣ እንደ ልማዳችን ከሁሉ ቀድመን እናየዋለን። መጥፎ መሆኑ ላይ ሙሉ ስምምነት አለ። የቀረው ምክንያቱ ነው፤ ግማሾቻችን አርኖልድ ስለሚኖርበት እንላለን፣ ግማሾቻችን ስለማይኖርበት። ሐሳብ ያለው መምጣት ይችላል፤ አንደኛውን የት እንዳየ ግን ሲመጣ ይጠየቃል።