ክፍት ነው፣ ግን የለም

እንኳን ወደ ከተማችን በሰላም መጡ። ዕቃዎን ከአይሱዙው ላይ አውርደው ሳይጨርሱ ይህችን ምክር ቢያነቧት ይጠቀማሉ፤ በተለይ ጀሪካኖቹን ከሥር፣ ቁም ሣጥኑን ከላይ ጭነው ከሆነ። ቁም ሣጥኑ ይቆይ። ዛሬውኑ መውረድ ያለባቸው ጀሪካኖቹ ናቸው።

የከተማዋን ስም አልጠራም። በአስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ አንድ መናኸሪያ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቅዳሜ ገበያና ማንም ቆጥሮ ያልጨረሳቸው ሥጋ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት ካልኩ ግማሹ አንባቢ «የእኛዋ ናት» ይላል። የባቲ ሰው ብቻ ገበያው ሰኞ ነው ብሎ፣ የሰንበቴ ሰው ደግሞ እሑድ ነው ብሎ ያርመኛል። ሌላው አንድ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎትና ልብዎ ይረፍ፤ እኛ ዘንድ ምንም ነገር አይዘጋም። በአውሮፓ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ወይም ፖስታ ቤት ሊዘጋ ነው ሲባል ነዋሪው ፊርማ ያሰባስባል፣ ሰልፍ ይወጣል። በሬዲዮ ስሰማ እቀናለሁ። የሚዘጋ ነገር የሚዘጋበት ቀን አለው፤ የሚዘጋው ሰውም ስም አለው፤ ስለዚህ የሚጮኹበት ሰው አይጠፋም። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ግን ተዘግቶ አያውቅም። ታፔላው አለ፣ መደርደሪያው አለ፣ ደመወዝተኛው አለ፤ ቁልፉ ብቻ ሥልጠና ሄዷል። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪም ክፍት ነው። ባለሙያዋ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ተቀምጣለች፣ ማይክሮስኮፑ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል፤ ያለቀው የመመርመሪያው ኬሚካል ብቻ ነው። አምቡላንሱም አለ፤ ጎማ እየጠበቀ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፣ የዘበኛው ዶሮዎች ከሥሩ እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «አገልግሎቱ ተቋርጧል» ሲል ከሰሙ አይመኑት። የለም እንጂ አልተቋረጠም።

ወደ ውኃው እንሂድ፤ እርስዎም መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያው ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተካሄደው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከተሞችን በሕዝብ ብዛት አምስት ቦታ ከፍሎ፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላላት እንደ እኛ ላለች ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውኃ መድቦ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ተኩል። ዕቅዱ ዘመኑን ጨርሶ ሄደ። እኔ ሁለቱን ጀሪካኖች ይቅር ብዬ አሁን የምፈልገው ተኩሏን ብቻ ነው።

ውኃው ለምን እንደማይመጣ ማወቅ የጥሩ ነዋሪ ግዴታ ነው፤ እርስዎ ካላወቁ ማንም አይነግርዎትምና። ውኃችን ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደየቤታችን ይወርዳል። ፓምፑ በመብራት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ናፍጣው ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ ከውኃ ሽያጭ ነው። ውኃ ከሌለ ሽያጭ የለም። በዚህ አዙሪት ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋ ቢዞሩ ራስዎ ይዞራል እንጂ አንድም ሰው አያገኙም። የውኃ ሰዎች የመብራት ሰዎችን ያሳዩዎታል፤ የመብራት ሰዎች የወደቀ ምሰሶ ያሳዩዎታል፤ ምሰሶው ምንም አይልም።

ስለዚህ ሮቶ ይግዙ። ሮቶው የሚሞላው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ አንደኛው ጆሮዎ ነቅቶ እንዲያድር ያስለምዱት። ቧንቧው ከውኃው በፊት ያስነጥሳል። ያ አየር ነው። አየሩም እንደ ውኃው ቆጣሪ ያዞራል፤ ወር ሲሞላ ቧንቧው የተነፈሰውን እርስዎ ይከፍላሉ። አይከራከሩ፤ ንጹሕ አየርም የሕዝብ አገልግሎት ነው። ሌሊቱ ካመለጥዎት የጋሪ ውኃ አለ። ባለጋሪው የታመነ ነው፤ ስብሰባ የለበትም፣ ፈረሱም ሥልጠና አይሄድም። ዋጋውን ግን ከቧንቧው ታሪፍ ጋር አያስተያዩ። በዚህች ከተማ ለአንድ ሊትር ውኃ ብዙ የሚከፍለው ቧንቧ ማስገባት ያልቻለው ደሃ መሆኑን ያሰቡ ቀን ምሳ አይበላልዎትም።

ሌላም ዘዴ አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል፤ በእኛም ዋና መንገድ ዳር ዘንባባ ተተክሏል። ዘንባባው በየማለዳው በቦቴ ውኃ ይጠጣል። እኛ ከየበራችን ቆመን እናያለን። ጎረቤቴ በአጥሩ ሥር አንድ የዘንባባ ችግኝ ተክሎ ቦቴው እንዲቆምለት እየጠበቀ ነው፤ እስካሁን አልቆመም፤ ችግኙን በጋሪ ውኃ ያጠጣዋል።

ጽሕፈት ቤት የሚሄዱበትን ቀን በጥንቃቄ ይምረጡ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነው። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳ ነው። ቅዳሜማ ዝግ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከተማችን ከተማ የሆነችው በቅዳሜ ነው። ገበሬው ጤፉን ጭኖ፣ በጉን እየነዳ፣ በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ካርኒ የያዘ ልጅ ቆሞ ቀረጡን ይቀበለዋል። ይህ ልጅ ቅዳሜ ይሠራል፤ ዝናብም አያስቀረውም። የመሬት ጉዳይ የሚያየው፣ ልደት የሚመዘግበውና ቅሬታ የሚሰማው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ስለዚህ ገበሬው ገንዘቡን በገበያው ቀን ይከፍላል፣ ጉዳዩን ለማስፈጸም ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አቃጥሎ ማክሰኞ ይመለሳል፤ ማክሰኞ ኃላፊው የመስክ ሥራ ላይ ናቸው። ይህን ለአንድ ኃላፊ ባነሳላቸው «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው» ብለው ጻፉት። ከጻፉት ሦስት ዓመቱ ነው። ማስታወሻ ደብተራቸው ቆንጆ ነበር።

ቀረጡ የት ይገባል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ከላይ የሚመጣው ድጎማ አብዛኛው የመምህሩ፣ የነርሷና የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ቆሻሻ ማንሳቱ፣ ቄራው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ገበያው ራሱ የሚያድሩት ማዘጋጃ ቤቱ ከኪራይ፣ ከሊዝና ከቀረጥ በሚለቅመው ነው። የገበያው መጸዳጃ ቤት ዋጋ በበጉ ቀረጥ ውስጥ አለ ማለት ነው። መጸዳጃ ቤቱም አለ። በር ስለሌለው ተዘግቶ አያውቅም።

ቋንቋውን ይማሩ፤ ይህ ካርታ ከመያዝ ይበልጣል። «በሂደት ይፈታል» ሲሉዎት ከልጅ ልጅዎ ጋር እየተነጋገሩ ነው። «ውስንነት አለ» ማለት የለም ማለት ነው። «ችግሩ የእጥረት ሳይሆን የሥርጭት ነው» ከተባለ ውኃው አለ፣ የሌለው እርስዎ ሰፈር ነው። «ከባለድርሻ አካላት ጋር እየተነጋገርን ነው» ሲባል ደግሞ ቀስ ብለው ዞር ይበሉ፤ ባለድርሻ አካሉ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ፣ መዋጮውም ተተምኖ ይሆናል።

ምንም አይዘጋም ያልኩዎ ውሸት ነበር፤ አንድ የሚዘጋ ነገር አለ። ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ አንድ ነገር ሊጠይቁ ሲነሡ ቀን ይቁጠሩ። በመስከረም በጀቱ ገና አልተለቀቀም። በጥር የግማሽ ዓመት ግምገማ አለ። በሚያዝያ ግዢው ሂደት ላይ ነው። በሰኔ ግን ተአምር ይታያል፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ እንዳይመለስ አስራ አንድ ወር የተኛ ከተማ በአንድ ሳምንት ይነቃል። ወንበር ይገዛል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ቦይ ይቆፈራል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቦዩን ይሞላዋል። ያን ጊዜ እንኳ ውኃ አገኘን ብለው ጀሪካን ይዘው እንዳይወርዱ፤ ቆፋሪዎቹ የመጸዳጃውንም መስመር ሳይነኩት አልቀሩም።

ስለ ጤናዎ አጭር ቃል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ደግ ነበር፤ አሁንም ደግ ነው። በደህና ቀን አዋጥቶ በክፉ ቀን መረዳዳትን ዕድር ለለመደ ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም። ይክፈሉ፣ ካርዱንም ያውጡ። ሰው ሲሞት ግን ዕድሩ ድንኳኑን ይዞ ይመጣል፤ ካርዱ ሐኪሙ ዘንድ ያደርስዎትና መድኃኒቱን «ከውጭ ይግዙ» ይባላሉ። ከአገር ውጭ መስሎዎት እንዳይደነግጡ፤ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው የግል ፋርማሲ ነው። ለምን እዚህ የጠፋው እዚያ ተደርድሮ እንደሚገኝ አያሰላስሉ። ይህን ያሰላሰለ ደም ግፊቱ ይነሣበታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ከውጭ ነው።

«የመረጥኩት ሰው የለም ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል ይላል። ለማንሣት ግን መጀመሪያ ማግኘት ያስፈልጋል። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው፤ ለአምስት ዓመት። በ2010 መደረግ የነበረበት ተላለፈ። በ2013 ስንሰለፍ፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሰው በቀር፣ የመረጥነው ለፌደራሉና ለክልሉ ነው። በዚያ ሚያዝያ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከቦኖው ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ተመራጭዎን ለመፈለግ ግን ሩቅ አይሂዱ። በ2000ው ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል ድረስ እንዲኖረው ተደርጎ ስለነበር የግድግዳ ጎረቤትዎ ተመርጦ ያውቅ ይሆናል። ቀስ ብለው ይጠይቁት፤ ራሱም ረስቶት ይሆናልና እንዳይደነግጥ።

ይህ ሁሉ ሳይሆንልዎ ሲቀር የሕዝብ መድረክ ይጠራል። ቀድመው ይሂዱ፣ ከኋላ ይቀመጡ። የመናገር ዕድል ካገኙ ቅሬታዎን በምስጋና ይጠቅልሉ፤ በጥሩ ጉርሻ ላይ በርበሬው አይታይም። «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጁልን» ብለው ይጀምሩ። መንገዱን ያድንቁ፣ ዘንባባውን ያድንቁ፣ ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ውኃ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩና በምስጋና ይዝጉ። እኔ በዚህ መንገድ አስራ አንድ ጊዜ ተናግሬ አስራ አንድ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል።

ባለፈው መድረክ ግን አንዲት እማማ ደንቡን ሁሉ አፈረሱብን። ወረፋ አልያዙም፣ እጃቸውንም አላወጡም። ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥተው ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው በወንበሮቹ መካከል አለፉና የላስቲክ አበባውና የታሸገው ውኃ የተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ዷ አድርገው አስቀመጡት። ባዶ ጀሪካን ብዙ ይጮኻል።

«እማማ፣ ጥያቄዎን ይንገሩን» አሉ ሰብሳቢው፣ ፈገግ ብለው።

«ጥያቄ የለኝም ልጄ። ይቺን ሙላልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ገንቢ መሆኑን፣ ውስንነቶች መኖራቸውን፣ በሂደትም እንደሚፈቱ አብራሩ። እማማ ማብራሪያው ሳያልቅ ሄዱ፤ ጀሪካኑን ተሞልቶ እስኪጠራቸው እዚያው ትተውት። ቃለ ጉባኤውን ኋላ ላይ አየሁት። «አንዲት እናት ለውኃው ዘርፍ የቁሳቁስ ድጋፍ አበርክተዋል» ይላል።

ድጋፍ ከሆነ ደግሞ ንብረት ነው። ጀሪካኑ በሞዴል 19 ተመዝግቦ ንብረት ክፍል ገቢ ሆኗል፤ የሚወጣውም በሞዴል 20 ተጠይቆ በሞዴል 22 ሲፈቀድ ነው። ማመልከቻውን እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው፤ ሁለት ወር ሆነው። ንብረት ክፍሉ ክፍት ነው። የእማማ ቤት ከቦኖው ጀርባ፣ ቆርቆሮው ሰማያዊ የሆነው ነው፤ ከአይሱዙው ላይ ሲያወርዱ አንድ ትርፍ ጀሪካን ከተገኘ በዚያ በኩል ብቅ ይበሉ።