በዚህ ብር አዲስ ይገዙ ነበር

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ጋራዥ ያስገባ ሰው ይህችን ነገር በቃሉ ያውቃታል። የሰፈሩ ጥበቃ ይላታል፤ የሚስቱ ወንድም ይላታል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ገና ሳይዞር አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ይላታል። «መኪናዋ እንዴት ሆነች?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱን ግን አይጠብቅም። «ጋሼ፣ እሷ ላይ ባፈሰሱት ብር እኮ አዲስ ይገዙ ነበር!» ባለመኪናው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ያላሰበውን ምሥጢር የገለጠለት ነው የሚመስለው።

ባለመኪናው ፈገግ ይላል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ግን ተነሥቶ ይደምራል።

የትኛውን አዲስ? የእሱ መኪና 40 የሚባለው ዘር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሠርቶ አቁሞታል፤ ስለዚህ አዲስ 40 የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ተተኪው 70 እስከ ዛሬ ይመረታል፤ እሱን ለማስገባት ግን ጉምሩክ ቀረጥ አለ፣ ኤክሳይስ አለ፣ ቫት አለ፣ ሱር ታክስ አለ። ያገለገለ ላምጣ ቢል የ2012 ዓ.ም.ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ። የቀረው ኤሌክትሪክ ነው። ባለመኪናው በኤሌክትሪክ ላይ ቂም የለውም፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ በሚውጥበት በእናቱ አገር መንገድ ሶኬቱ የት ጋ እንደሚገኝ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው ያጣው።

ሒሳቡ እዚህ ላይ መዘጋት ነበረበት። ሌሊቱ ግን ረጅም ነው፤ ፉጂ ተራራ ድረስ ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1951 ኢቺሮ ታይራ የተባለ የቶዮታ የሙከራ ሾፌር፣ የዚህችን መኪና ቅድመ አያት፣ ቢጄን፣ እየነዳ ፉጂ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ያኔ የምትጠራው ቶዮታ ጂፕ እየተባለች ነበር። «ጂፕ» ግን የአሜሪካኖቹ የዊሊስ ንግድ ምልክት ስለነበር፣ በ1954 ሃንጂ ኡሜሃራ የተባሉት የቴክኒክ ኃላፊ ላንድክሩዘር አሏት፤ ከእንግሊዙ ላንድሮቨር በስም እንዳታንስ። ላንድሮቨሩ ደግሞ በ1948 ሲወጣ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት የሚታደለው በኮታ ስለነበር፣ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ጃፓኖቹ በብረት ሠሩ። ባለመኪናው እዚህ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ይገፋል፤ ወለሉ ትዝ ይለዋልና።

መካኒኩ ምንጣፉን ሲያነሣ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮው ሲፋቅ ላሜራ ብቅ አለ። ላሜራው ሲነቀል ተጠፍጥፎ በሪቬት የተመታ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ተገኘ፤ ጽሑፉ እስካሁን ይነበባል። ከቆርቆሮው በታች የጋራዡ መሬት ነበር።

ሌላም ጉድ አለ። የቀድሞዎቹ 40ዎች የቤንዚን ታንካቸው ከሾፌሩ ጎን ካለው መቀመጫ ሥር፣ እዚያው ጋቢናው ውስጥ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ኋላ አዛወረው፤ ይህች ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ታንኩ ላይ ተቀምጣ የምትሄደው ሚስቱ ናት። ነጠላዋ ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ የያዙ ሴቶች ፈንጠር ብለው ይቆማሉ።

መታደስ ብቻ ሳይሆን መሻሻልም አለ። ፓወር ስቲሪንግና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከ60ው ዘር ተነቅለው መጡ፤ የፊቱ የታምቡር ፍሬን በዲስክ ተተካ። 4.2 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቤንዚኑን እንደ ጠላ ይጨልጠዋል፤ ናፍጣ ይግባላት የሚሉ መካሪዎች አልጠፉም። ሞተር ሲቀየር ግን ሊብሬውም ይስተካከል ይባላል። ባለመኪናው ከመስኮት መስኮት የሚያዞረውን ወረፋ አሰበና ቤንዚኑ ረከሰለት።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የፍሬን ጎሚኒው ግን አያስቅም። ካርቶኑ የታወቀው ስም አለበት፣ የሚያብለጨልጭ ምልክት አለበት፣ ቁጥሩም ትክክል ነው። «ኦሪጅናል ነው ጋሼ፣ ካርቶኑን ይዩት!» ውስጥ ያለው ግን የፍሬን ዘይት የማይችል ጎማ ነው። ዘይቱ ውስጥ ሲከርም ያብጣል፣ ይላላል፤ አንድ ቀን ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይወርዳል። ካርቶን ፍሬን አይዝም። ከአንድ ቶን ተኩል የማያንስ ብረት በእንጦጦ ቁልቁለት፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በሚወርዱበት መንገድ፣ በዚህ ጎሚኒ ታምኖ ይለቀቃል። ይህን የሚያመርት ያውቃል፤ ባዶ ካርቶን እየለቀመ የሚሞላውም ያውቃል። ብልጠት አይባልም ይህ፤ ነፍስ ማጥፋት ነው፣ ቀኑ ገና ያልተቆረጠ። «አዲስ ይገዙ ነበር» ባዩ ሁሉ ለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ባለመኪናው የመረጠውን ኩሽኔታ በጣቶቻቸው አገላበጡና «ይቺ የ60ው ናት፤ ላንተ አትሆንም» ብለው አልሸጥም አሉ። ብር ተዘርግቶላቸው። ቶዮታም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40ው ዘር የጠፉ መለዋወጫዎችን እንደገና እሠራለሁ ብሎ አስታውቋል፤ ባለመኪናው ይህን ከሰማ ወዲህ ማታ ማታ የሚደምረው የአውሮፕላን ጭነት ዋጋ ነው።

አሁን ክርክሩ ቀለም ላይ ደርሷል። በሩ ሲፋቅ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር አሸዋማ ቀለም ወጣ። መካኒኩ ነጭ ይሁን ይላል፣ ነጭ ገዢ አያጣም። ማን ሊሸጣት ነው? ይላል ባለመኪናው። ቀለም ቀቢው የቀባቸውን የቆርቆሮ ቁራጮች ፀሐይ ላይ ደርድሮ አሸዋማው ራሱ ሦስት ዓይነት እንደሆነ ያስረዳል። በዚህ መሐል ሚስትየዋ ምሳ ይዛ መጣች።

«ቀለሙን ተዉትና መጀመሪያ ታንኩን ከሥሬ አውጡልኝ!»

«እሺ እትዬ» አለ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ «ከመስቀል በኋላ።» የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ አልተናገረም፤ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ «ሽሮ ነው?» ሲል ጠየቀ።