«የአያትሽ ነው?»

ሰፈራችን አያት ነው፤ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ጫፍ። ስሙ አያት ይሁን እንጂ ያረጀ ነገር አይወድም። ኮንዶሚኒየሙ ቀለም ይቀባል፣ ሶፋው ይለወጣል፣ የሴት አያት ጌጥም ይታጠባል።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ከአያቷ የወረሰችውን የብር ጉትቻ በጥርስ ብሩሽና በኮልጌት ስትፈትግ አገኘኋት።

«ምነው፣ ጥርስ አበቀለ እንዴ?» አልኳት።

«ሰርግ አለብኝ። እንዲህ ጠቁሮ እንዴት አደርገዋለሁ?»

ጉትቻው ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ የብር እንክብሎች ተደርድረዋል። አንጥረኛው ቁርጥራጭ ብር ከሰል ላይ ያግላል፤ ብሩ ሲቀልጥ እንደ ውኃ ጠብታ ራሱ ይድቦለቦላል። ከዚያ አንድ በአንድ ደርድሮ ይበይዳቸዋል። እሳቱ ካነሰ አይያዙም፤ ትንሽ ከበዛ ጤፉ ሁሉ ቀልጦ ቂጣ ይሆናል። እንክብሉ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ በመሃሉ በተኛው ጥቁር ነው፤ ብር ዓመት ሲቆይ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተገናኝቶ የሚያወጣው ጥላ። ጎረቤቴ ያን ጥላ ፍቃ በምትኩ ነጭ ኮልጌት ጠቅጥቃበታለች።

ይህን ሳስረዳ ጓደኛዋ ደረሰች፤ አንገቷ ላይ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ የብር መስቀል። «መቶ ዓመት አልፎታል ብሎኛል ሻጩ» አለች፤ ዋጋውንም በኩራት ነገረችን። ብገለብጠው ጀርባው ላይ «925» የሚል የዘመኑ የብር ንጽሕና ማኅተም! የድሮ አንጥረኞቻችን የሚያቀልጡት ጠገራ ብር ነበር፤ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ። የዚህኛው እንክብሎች በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው፤ እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል፣ ግርጌያቸውም ከመደቡ ጋር የተዋሐደ። በአውራ ጣቴ ባሸው ጥቁሩ ተከተለኝ።

አንዷ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ክንዷ እስኪዝል ትፈትጋለች፤ ሌላዋ አዲሱን አሮጌ ለማሰኘት ኪሷን አራቁታለች።

ሰርጉ ላይ እኔም ነበርኩ። እንግዶቹ የጓደኛዋን መስቀል እያገላበጡ «የአያትሽ ነው?» አሏት። ጎረቤቴን ግን «የት ገዛሽው?» ነበር ያሏት።

የአያት ጌጥ ያላችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከላይ ከላይ አብሱት፤ በየእንክብሉ መሃል ካለው ጥቁር ጋር አትጣሉ።