መጀመሪያ መደርደሪያ ይግዙ

ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቤት ውስጥ ለማስተማር ከቆረጡ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። እዚህ ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ተገናኝተን ስለ ቤት ዋጋና ስለ ልጆች ትምህርት ካላወራን ቡና የጠጣን አይመስለንም። ከአሁን በኋላ በሁለተኛው ወሬ የሚቀድምዎት የለም። ብዙ ወላጅ ግን ገና ከጅምሩ ይስታል፤ ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚከብደው ልወቅ ብሎ ሳምንት ሁለት ሳምንት አብሮት ይቀመጣል። ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ መደርደሪያ ይግዙ። ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ በሩን አልፎ እንደገባ ዐይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ባዶ መደርደሪያ ስለሚያሳፍር መጽሐፉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

የሕጉ ነገር አያሳስብዎ። የሚያሳስበውስ ሕጉ የእርስዎን ያህል አለመጨነቁ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖሩ ከሆነ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢዎ የትምህርት ኃላፊ ደብዳቤ ይልካሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወረቀት ካለዎት እሱን ያያይዛሉ፣ የሚያስተምሯቸውን ትምህርቶች ይዘረዝራሉ። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ ብሎ ስማቸውን መጻፍ ይበቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ አገር አቀፍ መመዘኛ ፈተና ከወሰደ፣ ከ100 ተፈታኝ 23 ያህሉን ከበለጠ ሕጉ ጎሽ ብሎ ያሳልፈዋል። 98 ያመጣ ልጅ «ሁለቷን የት ጣልካት?» በሚባልበት ቤት ይህን ቁጥር ጮክ ብለው አያንብቡት። ልጁ ከሰማ አለቀልዎት።

ሜሪላንድ ከሆኑ ከመጀመርዎ 15 ቀን አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ ከዚያ ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ አምጡና አሳዩን ሊል ይችላል። የሚፈልገው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት አዘውትረው መሰጠታቸውን ነው። እርስዎ ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዳይጥሉ። ልጅዎ ምግብ ቤት ውስጥ ናፕኪን ላይ የሳላት ዶሮ ሥዕልም ናት፣ ሳይንስም ናት፤ እንቁላል ከተሳለላት ሒሳብ ትሆናለች።

አሁን ወደ ካሪኩለሙ። ሲመርጡ ሚዛን ይጠቀሙ፤ የኩሽናው ይበቃል። ከሁለት ካሪኩለም የትኛው ይሻላል ሲባል የከበደው ነው፤ እኩል ከመዘኑ የተወደደው፤ ዋጋውም እኩል ከሆነ የጓደኛዎ ልጅ የሚማርበት። በዚህ መለኪያ «ሳክሰን ማት» ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ጆን ሳክሰን የአየር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ መጽሐፋቸውም ወታደር ቤት ይሸታል። በቀን ትንሽ አዲስ ነገር ያስተምርና የቀረውን ካለፈው ሳምንትና ካለፈው ወር በተጠራቀመ ጥያቄ ይሞላዋል። ዘዴው ክፉ አይደለም፤ የኔታም ያለፈውን ሳያስቀጽሉ ወደሚቀጥለው አያሻግሩም ነበር። እኛ ግን የምንወደው ልጁ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የሚታይበት ሰዓት ስለሚረዝም ነው።

ከሻርሎት ሜሰን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1923 ያረፉ እንግሊዛዊት መምህርት ናቸው። ለትንሽ ልጅ ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ ጥሩ መጽሐፍ ይነበብለት፣ የሰማውን መልሶ በራሱ አፍ ይተርክ፣ ከሰዓት በኋላ ደጅ ወጥቶ ቅጠልና ወፍ ይመልከት ይላሉ። ይህንን አያትዎ እሳት ዳር ተቀምጠው በነጻ ሲያደርጉት ኖረዋል። ታዲያ ለዚህ ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው? በዚያ ላይ መደርደሪያው ባዶውን ይቀራል። ከጆን ሆልትማ ጨርሶ ይሽሹ። ልጅ የልቡን እየተከተለ ይማር ብለው ከ1977 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ጋዜጣ ሲያሳትሙ የነበሩ አሜሪካዊ ናቸው። አስተሳሰባቸው ላይ መከራከር ይቻላል፤ የማይቻለው እናትዎ ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጁ ምን እየተማረ ነው?» ሲሉ «የወደደውን» ብሎ መመለስ ነው።

ካን አካዳሚ የሚባለውንም ይነግሩዎታል። ሳልማን ካን በ2004 ለዘመዱ ልጅ ከሩቅ ሒሳብ ማስጠናት ጀምሮ፣ ቆይቶ ወደ ድርጅት ያሳደገው ነው። ከመደመር እስከ ካልኩለስ ያስተምራል፤ ልጁ የተሳሳተበትን እያሳየ ያስደግመዋል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ነጻ ነው። አክስትየዋ «ስንት ከፈላችሁ?» ስትል ምን ሊመልሱ ነው?

ለአማርኛው የተስፋ ገብረ ሥላሴ ፊደል ገበታ አለ። ድሮ ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በስንጥር እየነካ ሲያዜም፣ መጀመሪያ የሚበሳው ሀ ያለበት ቦታ ነበር። እርስዎ ይህ እንዳይደርስ ላሚኔተር ይግዙ። መጀመሪያ ይግላል፣ አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል በፕላስቲክ ተለብጦ ገብቶ በሌላው ሞቅ ብሎ፣ እያብረቀረቀ ይወጣል። ይህን ያየ ወላጅ እዚያ አያቆምም፤ የቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻ የራሱን የላሚኔተሩን መመሪያ ይለብጣል። ገበታውን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ልጁ እጁ አይደርስበትም፤ ስለዚህ አይቆሽሽም።

ለሳይንስ ሙሉ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ይዘዙ። ውስጡ ጠርሙስ፣ ስኳር፣ አንድ ፓኬት እርሾና ፊኛ አለ፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ያወጣል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ልጁ ይደነቃል ተብሎ ይታሰባል። ሙከራውን ሳሎን ውስጥ ያድርጉት እንጂ ወደ ኩሽና አይጠጉ። እዚያ ባልዲው ውስጥ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ሊጥ አለ፤ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሎ፣ ዐይን እያወጣ እየፈነዳ ነው። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ «ማሚ፣ ይሄ ለምንድነው የሚተነፍሰው?» ሊል ይችላል። ክዳኑን መልሰው ይግጠሙና «ዛሬ እንጀራ ስለምጋግር ነው፤ አሁን የሳይንስ ሰዓት ነው» ብለው ወደ ጠርሙሱ ይመልሱት።

ሙዚየም መውሰድ ግዴታ ነው። ዲሲ ያሉት የስሚትሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፤ ገንዘቡን የተናዘዘው ጄምስ ስሚትሰን የተባለ እንግሊዛዊ በሕይወቱ አሜሪካን አልረገጠም፤ ዲቪ ሳይሞላ ለዚህ አገር ይህን ያህል ያዋለ ሰው ነው። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያሳይ አዳራሽ አለ፤ የድንቅነሽ ወገኖች ፊት ይህን ይመስል ነበር ተብሎ የተሠራ አምሳል ያገኛሉ። ለልጅዎ በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ እውነተኛው አጥንቷ አዲስ አበባ እንዳለ በኩራት ይንገሩት። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ልጁ መስተዋቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ይቆይና «አጥንት ብቻ ከሆነ ያገኙት፣ ፊቷ እንደዚህ እንደነበር በምን አወቁ?» ይላል። ከቤት አትመው ባመጡት ወርክሺት ላይ ይህ ጥያቄ የለም። ቁጥር 6 የሚለው «ያየኻቸውን ሦስት አጥቢ እንስሳት ጻፍ» ነው። እጁን ይያዙና ወደ ዝሆኑ ይሂዱ፤ ፓርኪንጉም ሰዓቱ እየደረሰ ነው።

የቀሩት ቀናት በዋና፣ በሮቦቲክስ፣ በእግር ኳስ፣ በክራርና በሰንበት ትምህርት ቤት ይሞሉ። ቤት ለማስተማር የወሰነ ወላጅ ቤት የሚውል ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የማንበብ ሰዓቱን ሀይዌይ 395 ላይ ያድርጉት፤ የከሰዓት በኋላው መጨናነቅ ከየትኛውም ላይብረሪ የበለጠ ጸጥታ አለው።

ሜይ ላይ ያገለገሉ ካሪኩለሞች ገበያ ይደራል፤ እርስዎም ለሚቀጥለው ክፍል የሚሆነውን ለመግዛት የዘንድሮውን መሸጥ ይኖርብዎታል። ሲያስተዋውቁ «ብዙም ያልተነካ» ብለው ይጻፉ፤ እግዜር ይመስገን ይህ ውሸት አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእርሳስ ተሞልተው ከሆነ ለልጅዎ ላጲስ ይስጡትና ያጥፋ። ሜሪላንድ ከሆኑ ደግሞ ሲያጠፋ ፎቶ ያንሡት፤ ካውንቲው ሲጠይቅ ከስፖርቱ ሥር ይገባል።