ጃርቷ ያላነበበችው መዝገብ

ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ራስ ሳይሸፍነው፣ ተራራው ገና ጽድና ወይራ ለብሶ ሳለ፣ የየካ አራዊት አንድ ጎተራ ነበራቸው። ጎተራው የቆመው ከዋሻ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ከኮተቤ፣ ከሾላና ከቀበና በኩል የሚመጡት የእግር መንገዶች በሚገጥሙበት ሜዳ ላይ ነው፤ ዛሬ መገናኛ የምንለው፣ ታክሲውና አውቶቡሱ የሚተራመስበት፣ ባቡሩ የሚያልፍበት ቦታ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አዝመራው ሲሰበሰብ ድኩላውም፣ ጦጣዋም፣ አይጡም ከደረሰው ቆንጥሮ እዚያ ያስገባል።

ከጎተራው እህል ከፊሉ ስንቅ ሆኖ ወፎች ወደ ሩቅ አገር ይላኩበት ነበር። ወፎቹ በሌሎች ተራሮች ላይ ጎጆ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የየካን ቃል ያደርሳሉ፣ የዚያኛውን ቃል ይዘው ይመለሳሉ፣ ከየካ የወጣ ልጅ በዚያ ቢታመም ወይም ቢበደል ይደርሱለታል። መጀመሪያ ጎጆዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። መዝገቡን የምትይዘው ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ በብራና ላይ ትጽፋለች፤ በኅዳር ጉባኤም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብባለች፦ «በዓባይ ማዶ ባለው ጎጆ ሁለት እርግቦችና አንድ ሽመላ አሉ፤ አምስት እንቅብ ጤፍ ተልኮላቸዋል።» የየካ እናቶች የወፎቹን ስም በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ጎጆዎቹ እየበዙ ሄዱ። ሃያ ሆኑ፣ አርባ ሆኑ፣ ስድሳ ደረሱ። ጎጆው በበዛ ቁጥር ንባቡ አጠረ። አንድ ዓመት ጃርቷ «የቀረውም እንደዚሁ ነው» ብላ ብራናውን ጠቀለለችው፤ በዓመቱ ጭራሽ ይዛው አልመጣችም። ክፉ ሆና አይደለም። በየካ ተራራ ዝም በማለቱ የተቀጣ አልነበረም፤ በመናገሩ የተቀጣ ግን ብዙ ነበር። ይህን የምታውቅ መዝገብ ያዥ ዝምታን ብትመርጥ አይፈረድባትም፤ የሚፈረደው እንዲህ ባስተማራት ሥርዓት ላይ ነው።

ንባቡ ሲቀር ወሬው ቦታውን ያዘ። ገሚሱ «ወፎቻችን ማዶ ተቀምጠው ከጥጋብ ብዛት መብረር አቅቷቸዋል» አለ። ሌላው «ሁሉም የአያ ጅቦ ዘመዶች ናቸው» አለ። ተግቶ የሚሠራውም ወፍ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውም በአንድ ስም ተሰደበ።

ኋላ ድርቅ መጣ። የድንቢጥ ልጆች ጥሬ ፍለጋ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ በሰው ቤት ጣራ ሥር እየጠረጉ፣ ሕፃን እያዘሉ ዋሉ። ድርቁ እዚያም ሲደርስ ጌቶቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ አውጥተው ከየካ ጎጆ ደጃፍ ጣሏቸው። ወሬው የደረሳት እናት ድንቢጥ በማለዳ ወደ ጎተራው ወረደች።

«እሜቴ ጃርት፣ በባሕር ማዶው ጎጆአችን ስንት ወፍ ነው ያለው?»

«ምን አስጠየቀሽ ልጄ?»

«ልጆቼ ደጃፉ ላይ ተጥለዋል። በሩን ቢያንኳኩ የሚከፍት ጠፋ ይላሉ። የሚከፍት ሰነፍ ይሁን፣ ወይስ ጭራሹኑ ማንም አይኑር፣ እሱን ልወቅ ብዬ ነው።»

«ይህ የተራራው ምሥጢር ነው። ጠላት ይሰማል።»

«ወፎቹ በምንቃራቸው የያዙትን ቃል አልጠየቅሁዎትም፤ እሱ ምሥጢር ይሁን። የጠየቅሁት ስንት ናቸው፣ ሥራቸው ምንድን ነው፣ ከጎተራው ስንት ይሰፈርላቸዋል ብዬ ነው። ጠላት ላሉት ደግሞ፣ የማዶው ጭልፊት ከጎጆው ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሲገቡ ሲወጡ ይቆጥራቸዋል። እገሌ መጣ፣ እገሌ ሄደ ብለን የምንነግረውም እኛው ነን። ቁጥሩን ያላወቅሁት እህሉን የማዋጣው እኔ ነኝ።»

ጃርቷ እሾኋን ቀሰረች እንጂ መልስ አልሰጠቻትም።

በዚያው ሰሞን አያ አንበሶ ጉባኤ ጠራ። «ጎተራው ተሟጧል» አለ። «ስድሳ ጎጆ መያዝ አንችልም፤ ቢያንስ ሠላሳው ይዘጋል።» ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። የትኞቹ ሠላሳ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ጉባኤ እኛም አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ፣ አገሪቱ ካሏት 60 ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢያንስ 30ዎቹ መዘጋት እንዳለባቸው አስታወቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የካይሮው ኤምባሲያችን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ሥራውን ለጊዜው አቆመ። ውሳኔው በራሱ ስሕተት ነው አልልም፤ የውጭ ምንዛሪ ያጠረው አገር በየከተማው ቪላ መከራየት አለበት ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። በየትኛው ጽሕፈት ቤት ስንት ሠራተኛ አለ? ስንት ዜጋ ያገለግላል? ስንት ያወጣል? ይህን ያላየ ሕዝብ ውሳኔውን ቢደግፍም ቢቃወምም በግምት ነው።

ወደ ተረቱ ልመለስ። እልልታው ሲበርድ አባ ኤሊ እየተጎተቱ ወደ መሐል ወጡ። ከጎተራው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ አያቶች የቀረጹትን ሕግ የሚያስታውሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ስለ ጎተራው የጠየቀ ሁሉ፣ አንዲት ጨረቃ ተወልዳ እስክትጠፋ ድረስ መልስ ያገኛል፤ የከለከለ ከልካይ ምክንያቱን ይናገራል፤ የተከለከለም ዕንባውን ወደሚያይለት ሽማግሌ ይሄዳል። ድንቢጧ ጠየቀች። ጨረቃዋ ተወለደች፣ ሞላች፣ ጠፋች። መልስ አልመጣም። ድንቢጧ ወደ ሽማግሌው ወደ ጉሬዛ ሄደች፤ ጉሬዛም ጃርቷን አስጠርቶ «በምንቃር ያለውን ትተሽ በጎጆ ያለውን አንብቢ» አላት።

ብራናው ተዘረጋ። በአንድ ጸጥተኛ ሐይቅ ዳር፣ የየካ ልጅ በማያልፍበት ስፍራ፣ ዘጠኝ ወፎች ተቀምጠዋል። በቀይ ባሕር ማዶ፣ የድንቢጥ ልጆች በሺህ በሚቆጠሩበት አገር፣ ያለችው አንዲት እርግብ ናት። ሰነፍ ሲሏት የከረመችው እርግብ ከራሷ ስንቅ እየቀነሰች ደጃፍ የተጣሉትን ትመግብ ነበር፤ ቀን ስትዞር ትውልና ሌሊት የሚያንኳኳውን ሁሉ መስማት ያቅታታል። የእሷ ጎጆ ሊዘጉ ከታሰቡት ሠላሳዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ።

አያ አንበሶ ተነሣ። «ይህን ለእኔም ያነበበልኝ የለም» አለ። ከጃርቷ ዝምታ የተጎዳችው ድንቢጧ ብቻ አልነበረችም፤ ውሳኔ ሰጪውም በጨለማ ሲፈርድ ኖሯል። ያን ቀን ሠላሳ የሚለው ቁጥር አልተለወጠም፤ የሚዘጉት ጎጆዎች ግን ተለወጡ፣ ከሐይቁ ዳር አራት ወፎችም ወደ እርግቧ ተላኩ።

የድንጋዩ ሕግ በእኛም አገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተጠየቀው መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል፤ የተከለከለ ሰው አቤቱታውን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይወስዳል። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም መረጃ የማግኘት መብቱ በቦታው ነው። እርግጥ አዋጅ 590 ከሌሎች መንግሥታት ጋር ያለንን ግንኙነት የሚጎዳ ምሥጢርን ይጠብቃል፣ መጠበቁም ተገቢ ነው። የሠራተኛ ብዛት ግን ከዚያ አይቆጠርም። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 10 ላኪው አገር የሚሾማቸውን፣ የሚደርሱትንና የሚመለሱትን ሁሉ ለተቀባዩ አገር እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ዋሽንግተንና ለንደን በከተማቸው ያሉ የውጭ ዲፕሎማቶችን ስም ዝርዝር አትመው ያወጣሉ፤ የእኛዎቹም በዚያ ውስጥ አሉ። የባዕድ መንግሥት አትሞ የሚያወጣውን የገዛ መንግሥታችን የሚደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲገባ፣ አሠሪዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ቤይሩት ከሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አውርደው ጥለዋቸው ነበር። ዛሬም በመገናኛ በኩል ሻንጣ ይዘው ወደ ቦሌ የሚያልፉ እኅቶች አሉን። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር፣ በእያንዳንዱ ኤምባሲና ቆንስላ ስንት ዲፕሎማት፣ ስንት የአስተዳደርና ስንት በአገሩ የተቀጠረ ሠራተኛ እንዳለ፣ ስንት ዜጋ እንደሚያገለግልና ስንት እንደሚያወጣ ይፋ ያድርግ። የሠራተኞቹ ስም ባይወጣ ግድ የለም። እናንተም አንባቢዎች፣ ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ በምትኖርበት ከተማ ስንት ሠራተኛ እንዳለን በጽሑፍ ጠይቁ። ለመልሱ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።